ለእግር ኳስ መሪዎች፦ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ደጋፊውን የት ልታደርጉት ነው?

ይድረስ ለእግር ኳስ ማህበራት አመራሮች፣ ለሊግ አስተዳዳሪዎች እና ለክለብ ባለቤቶች

የተከበራችሁ የጨዋታው መሪዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን የምንጽፍላችሁ የዓመት ቲኬት የምንገዛ፣ ማልያ ለብሰን ስታዲየም የምንሞላ፣ ቡድናችን ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የማንቀር ደጋፊዎች ነን። የምንጽፈው ስለ ኮሮና ጊዜ ነው። "ያለፈ ነገር አሁን ምን አነሳው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእኛ አላለፈም። ያኔ በገንዘባችን፣ በጤናችንና በትዕግስታችን ላይ ስትወስኑ ጠርቶ ያነጋገረን የለም። ነገ ተመሳሳይ ነገር ቢመጣ ምን እንደሚደረግም እስካሁን ቁርጡን የነገረን የለም። ክለባችንን ጠየቅን። "ጊዜው ሲደርስ ይታያል" ተባልን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ይህ መልስ ነው።

እግር ኳስ ስንል ክቡን ኳስ ብቻ ማለታችን አይደለም። በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የራግቢ ሊግና የአውስትራሊያ እግር ኳስ ደጋፊዎችም ያንኑ ጊዜ አብረውን አልፈዋል፤ እነሱንም እየጠቀስን እንሄዳለን። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጤናችን እንጀምር። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 የጣሊያኗ ቤርጋሞ ከተማ ክለብ አታላንታ የስፔኑን ቫሌንሲያን ሚላን ውስጥ በሳን ሲሮ ሲያስተናግድ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር። አብዛኛው የመጣው ከቤርጋሞ ነው። ሳምንታት ሳይቆዩ ቤርጋሞ በአውሮፓ ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ሆነች። በዚያ ጨዋታ ማንንም አንወቅስም፤ ቫይረሱ በአካባቢው መዛመት መጀመሩ የታወቀው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ማርች 11 ግን ሌላ ነው። በዚያ ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። በዚያው ምሽት ሊቨርፑልና አትሌቲኮ ማድሪድ አንፊልድ ላይ ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ተጫወቱ። ከማድሪድ ብቻ ሦስት ሺህ ያህል ደጋፊ መጥቷል። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ቢቀሩ ኖሮ የራሳቸው ስታዲየም አይገቡም ነበር፤ የስፔን ጨዋታዎች ያለ ተመልካች እንዲካሄዱ ተወስኗልና። የማድሪድ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። ታዲያ ከተዘጋ ከተማ ወደ ተከፈተ ስታዲየም እንዲሄዱ ሲፈቀድ ከእናንተ መካከል "ቆይ እስቲ" ያለ ሰው እንዴት ጠፋ?

በዚያው ምሽት ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሌላ ስህተት አየን። ፓሪ ሳን ዠርመንና ዶርትሙንድ ሲጫወቱ ስታዲየሙ ዝግ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ውጭ ተሰብስበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ዘመሩ። ደጋፊውን ቀድሞ ያላነጋገረ ውሳኔ ሰውን ከመቀመጫ አንስቶ በር ላይ ያከማቻል። ከደጋፊ ማህበራት ጋር ቁጭ ብላችሁ ብትመክሩ ኖሮ "ቤታችሁ ሁኑ" የሚለውን መልእክት ከእናንተ ይልቅ ከራሱ ሰው ይሰማው ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ በጣም የቆሰልነው እዚህ ነውና።

ሊጎች ሲቆሙ የዓመት ቲኬታችን ቀሪ ጨዋታዎች ነበሩት። ሥራ ያጣው፣ ደመወዙ የተቆረጠበት ብዙ ነበር። የእኛ ክለብ ኢሜይል ላከልን። ከላይ በትልቅ ፊደል ገንዘባችንን ለክለቡ እንድንለግስ የሚጠይቅ ቁልፍ አለ። ከሥሩ ለሚቀጥለው ዓመት ክሬዲት እንዲሆን የሚያደርግ ሌላ ቁልፍ። "ገንዘቤ ይመለስልኝ" የሚለው ግን ከገጹ መጨረሻ ላይ፣ ሊነበብ በማይችል ደቃቅ ግራጫ ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው። ኢንተርኔት የማይችሉ ትልልቅ ሰዎች ልጆቻቸውን እየጠየቁ ሞሉት፤ ሳያገኙት የቀሩም አሉ። ማህበራችን በደብዳቤ ጠየቀ፣ መልስ አልመጣም። ጀርመን ውስጥም ሻልካ የተባለው ክለብ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የፈለጉ ደጋፊዎችን ለምን እንደቸገራቸው በማመልከቻ እንዲያስረዱ ጠይቆ፣ ቁጣው ሲበረታ ይቅርታ ብሏል። ሰው የራሱን ገንዘብ ለማስመለስ ችግሩን ዘርዝሮ ማስረዳት አለበት እንዴ?

ቴሌቪዥኖቹስ? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የ2019/20 ውድድሩን እስከ መጨረሻው ጨርሷል። ያም ሆኖ ጨዋታዎቹ ስለዘገዩና መልካቸው ስለተቀየረ ለስርጭት መብት ባለቤቶች 330 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚመለስ በስፋት ተዘግቧል። ለእነሱ ውል አለ፣ ጠበቃ አለ። ለእኛ ያለው ኢሜይሉ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ኦክቶበር 2020 መጣ። ስታዲየም መግባት በተከለከልንበት ሰዓት የዚያው ሊግ መሪዎች በቀጥታ ሊተላለፉ ያልተመደቡ ጨዋታዎችን በ14.95 ፓውንድ እንድናይ ወሰኑ። ለአንድ ጨዋታ! ቀድሞ ከምንከፍለው የቴሌቪዥን ክፍያ ሌላ ማለት ነው። ደጋፊው ምን አደረገ? በኒውካስል ደጋፊዎች ጀማሪነት ያንን ገንዘብ ለምግብ ባንኮች፣ ማለትም ለችግረኞች ምግብ በነጻ ለሚያድሉ ድርጅቶች፣ ሰጠ። የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎችም ተከተሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ተሰበሰበ። አሠራሩ በወሩ ተነሳ። አስቀድማችሁ ብትጠይቁን ኖሮ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

ሠራተኞቹንም አንርሳ። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል 2020 የእንግሊዝ ሀብታም ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን ደመወዝ ሳይነኩ የቢሮና የስታዲየም ሠራተኞቻቸውን ወደ መንግሥት ድጎማ ላኩ። ሊቨርፑል ይህን ባስታወቀ በሁለተኛው ቀን ሐሳቡን ቀይሮ ይቅርታ ጠየቀ። ቶተንሃምም ቆይቶ ተመለሰ። ሁለቱንም የመለሳቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው ድምፅ ነው። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ለሠራተኛው የተሟገተው የራሱ ቲኬት ገንዘብ ገና ያልተመለሰለት ሰው ነበር።

ደጋፊው ስስታም አለመሆኑን ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ያኔ በጀርመን አራተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ በሜይ 2020 ለማይካሄድ ጨዋታ፣ ለማይኖር ተጋጣሚ፣ የአንድ ዩሮ ቲኬት አወጣ። ከ100 ሺህ በላይ ተሸጠ። ለሌለ ጨዋታ! የቦሩሲያ መንሽንግላድባኽ ደጋፊዎች በካርቶን የታተመ ፎቷቸው መቀመጫቸው ላይ እንዲቆም 19 ዩሮ ከፈሉ፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሆኑ። የአታላንታ ደጋፊዎች ቤርጋሞ ውስጥ ጊዜያዊ ሆስፒታል ሲሠራ ቀለም ቀቢም፣ አናጺም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሆነው ገብተው ሠርተዋል። እነዚህን ሰዎች እንደ ደንበኛ ብቻ ማየት አይከብድም?

ትንንሽ ክለቦችም የኛው ናቸው። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በ2020 የክረምት ዝውውር ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አወጡ። ለታችኞቹ ሊጎች የ250 ሚሊዮን ፓውንድ ማዳኛ ስምምነት የተደረሰው ግን ዲሴምበር ላይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 200 ሚሊዮኑ ብድር ነው። በመካከሉ ማክልስፊልድ ታውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈረሰ። ዕዳው ከኮሮና በፊት የጀመረ መሆኑን እናውቃለን። የተመሠረተው ግን በ1874 ነው፣ ደጋፊዎቹም በዚያ መከራ መሀል ክለባቸውን ቀበሩ። ቢያንስ ጀርመን ላይ ባየርን፣ ዶርትሙንድ፣ ላይፕዚግና ሌቨርኩሰን ለሌሎች ክለቦች የሚሆን 20 ሚሊዮን ዩሮ ያዋጡት ገና በማርች ነበር። ሲፈለግ ይቻላል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ውድድሮቹ ያለቁበት መንገድ ነው። አንድ በሽታ፣ አንድ ወር፣ ግን እንደየአገሩ ሌላ ፍርድ። ኔዘርላንድስ ሻምፒዮንም ወራጅም የለም አለች። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ካምቡር የተባለው ክለብ ግን በሁለተኛው ሊግ አናት ላይ ተቀምጦ ሳለ ወደ ላይ ማደግ ተከለከለ። ፍርድ ቤትም ሄዶ አልሆነለትም። ፈረንሳይ 10 ጨዋታ እየቀረ ለፓሪ ሳን ዠርመን ዋንጫውን ሰጥታ አሚያንና ቱሉዝን አወረደች። ስኮትላንድ 8 ጨዋታ የቀረውን ኸርትስ አወረደች፤ ከበላዩ ካለው ቡድን የሚለየው 4 ነጥብ ብቻ ነበር። ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ስፔንና ጣሊያን ደግሞ በባዶ ስታዲየም ጨረሱ። የቱ ልክ ነበር ብለን አንከራከርም፤ አስቸጋሪ ጊዜ ነበር። የምንከራከረው ሕጉ ጨዋታው ቆሞ፣ ሰንጠረዡ ታይቶ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ታውቆ ስለ ወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ማንም ቢያወጣው አይታመንም።

ከወረርሽኙ ጋር ሁለት ዓመት ከቆየን በኋላም ነገሩ አልጠራም። በጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኮሞሮስ ጥሎ ማለፉን ያለ በረኛ ገባች። አንዱ ተጎድቷል፣ ሌሎቹ ሁለቱ በኮሮና ምክንያት ተከልክለዋል። ከሁለቱ አንዱ አሊ አሃማዳ በጨዋታው ቀን ነጻ መሆኑ በምርመራ ቢታወቅም የለይቶ ማቆያ ቀኖቹን አልጨረሰም ተባለ። ግራ ተከላካዩ ሻከር አልሃድሁር የበረኛ ማልያ ለብሶ፣ ጀርባው ላይ በፕላስተር 3 ቁጥር ተለጥፎለት ጎል ውስጥ ቆመ። ኮሞሮስ በ10 ሰው ተጫውታ 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፈች። ያንን ልጅ ያላደነቀ የለም። ግን የለይቶ ማቆያው ደንብ በውድድሩ መሀል ሲያከራክር ደጋፊው ምሽቱን ሙሉ ማን እንደሚሰለፍ ሳያውቅ ነው የጠበቀው።

ስለ ሴቶቹ ጨዋታ አጭር እንናገራለን፣ ግን በምሬት። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የተዘጋው የእነሱ ነው። እንግሊዝና ስፔን የወንዶቹን ሊግ በጁን ሲያስቀጥሉ የሴቶቹን ሜይ ላይ ዘግተዋል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ የሴቶች ሊግ በማርች 2020 ጥሎ ማለፉ መሀል ላይ ተቋርጦ ያለ ዋንጫ ቀረ፤ ፍሪማንትል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነበር። የወንዶቹ ግን በዚያው ዓመት እስከ ፍጻሜው ተካሄደ። ለወንዶቹ ምርመራ፣ ሆቴልና አውሮፕላን የሚሆን ገንዘብ ተገኝቷል። የሴቶቹን ቡድኖች የምንከተል ደጋፊዎች ይህን አንረሳም።

ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የገባነው ካልቀረ አንድ ነገር እንጨምር። እዚያ ውድድሩን ለማትረፍ ሲሉ ቡድኖችን ከከተማቸው ነቅለው ወሰዱ። የኒውዚላንዱ ዎሪየርስ የራግቢ ሊግ ቡድን በሜይ 2020 ባሕር ተሻግሮ ታምወርዝ ላይ ለይቶ ማቆያ ገባ፣ ከዚያም ሲድኒ አጠገብ ተቀመጠ። ቤተሰብ ናፍቋቸው ውድድሩ ሳያልቅ የተመለሱ ተጫዋቾች ነበሩ። ቡድኑ ኦክላንድ ላይ ደጋፊው ፊት ዳግመኛ የተጫወተው በጁላይ 2022 ነው። የዚያን ቀን ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ሁለት የውድድር ዘመን ቡድኑን በአካል ሳያይ የቆየ ሕዝብ ነው እንዲህ የሞላው።

የሜልበርን ሰዎች ታሪክ ደግሞ ሁሌም ያሳዝነናል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ በ2020 ወደ ብሪስበን፣ በ2021 ወደ ፐርዝ ተወሰደ። ከቪክቶሪያ ግዛት ሲወጣ የብሪስበኑ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። በ2021 ዋንጫውን ያነሳው የሜልበርን ክለብ ነው፤ የመጨረሻ ድሉ በ1964 ነበር። በ1964 በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየ ሕፃን በ2021 ፀጉሩ ሸብቷል። ሃምሳ ሰባት ዓመት ጠብቆ፣ ቀኑ ሲደርስ ከተማው ተዘግቶ፣ ቡድኑ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ዋንጫ ሲያነሳ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን አለቀሰ። በሽታውን እናንተ አላመጣችሁትም። ጨዋታውን ማዛወርም ግድ ነበር እንበል። ለእነዚያ የዓመታት አባላት ግን በሚቀጥለው ፍጻሜ ቅድሚያ ይሰጣቸው የሚል ደንብ ቀድሞ መጻፍ ይቻል ነበር።

ያለ እኛ ጨዋታው ምን እንደሚሆን አይታችኋል። በ2020/21 በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንግዳ ቡድኖች 153 ጊዜ ሲያሸንፉ ባለሜዳዎቹ 144 ጊዜ ብቻ አሸነፉ። በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ እንዲህ ያለ ዓመት ከዚያ በፊት አልነበረም። ቴሌቪዥኖቹ ባዶው ወንበር ሲያስጨንቃቸው ከቪዲዮ ጌም የተቀዳ የደጋፊ ጩኸት ከጀርባ አሰሙ። ጩኸቱ ጎል ከገባ በኋላ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዳኛው ሲሳሳት ዝም ይላል። ቤት ሆነን ስንሰማው የሆነ ሰው ልብሳችንን ለብሶ በእኛ ስም የሚናገር ይመስለን ነበር።

እኛ ከሜዳ በራቅንበት በዚያው ጊዜ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2021፣ 12 ክለቦች ማንንም ሳያማክሩ መሥራቾቹ የማይወርዱበትን አዲስ ውድድር፣ የአውሮፓ ሱፐር ሊግን፣ አወጁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ፈረሰ። ቼልሲ ስታዲየም ደጃፍ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ክለቡ ሲወጣ በዓይኑ አየ። ሜይ 2 የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር የነበረው ጨዋታ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ባይደገም ደስ ይለናል፤ ሜዳ ሰብሮ መግባት ማንንም አያኮራም። ግን ጠረጴዛው ላይ ቦታ ያልተሰጠው ሰው በር ላይ መጮሁ አይቀርም። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ ደጋፊዎችን ያዳመጠ ጥናት አስጠንታ በ2025 ነጻ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች። ሌሎቻችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ጨዋታ በሕመም፣ በአደጋ ወይም በመንግሥት ትእዛዝ ሲቋረጥ የቲኬታችን ገንዘብ እንዴትና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ቲኬቱ ላይ ተጽፎ ይሸጥልን። የመጀመሪያው ምርጫ በጥሬ ገንዘብ መመለስ ይሁን። መለገስ ወይም ክሬዲት ማድረግ የሚፈልግ በራሱ ፈቃድ ይመርጣል፤ የሚመርጥ ብዙ እንደሚሆን ከላይ አይታችኋል። ያለ ተመልካች የሚካሄድን ጨዋታ የዓመት ቲኬት ያለው ሰው ተጨማሪ ሳይከፍል ይይ።

ውድድር ቢቋረጥ ማን ሻምፒዮን፣ ማን ወራጅ፣ ማን አዳጊ እንደሚሆን የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን። የመጀመሪያው ኳስ ሳይመታ። ያ ደንብ ለወንዶችም ለሴቶችም አንድ ይሁን፤ የምርመራና የማረፊያ በጀቱም አብሮ ይያዝ።

እንግዳ ደጋፊዎች የሚመጡበት ከተማ ስብሰባ ከተከለከለ ጉዞው ወዲያውኑ ይቁም፣ የጉዞ ወጪያቸውም የሚካስበት መንገድ ይኑር። ጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ የነባር አባላት መብት ለሚቀጥለው ይቆይላቸው። ከስርጭት ገቢው በየዓመቱ ጥቂት ተቀንሶ ለታችኛው ሊግ ክለቦችና በጨዋታ ቀን ለሚሠሩ ሰዎች መጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ብር ሳይጠፋ ማለት ነው፣ ከጠፋ በኋላማ ማን ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ በየሊጉ የአደጋ ጊዜ ውሳኔ በሚሰጠው ኮሚቴ ውስጥ ደጋፊው ራሱ የመረጠው ተወካይ ድምፅ ይኑረው። ታዛቢ ሆኖ ቡና ጠጥቶ የሚወጣ ተወካይ አንፈልግም። ሐኪሙ፣ የተጫዋቾች ማህበሩና የቴሌቪዥኑ ሰው በሚቀመጡበት እሱም ይቀመጥ።

መልሳችሁን ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን መክፈቻ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለየደጋፊ ማህበሩ ላኩት፣ ሁሉም እንዲያየውም በየክለቡ ገጽ ላይ ለጥፉት። "አይሆንም" የምትሉት ነገር ካለ ከምክንያቱ ጋር ንገሩን፤ ተነጋግረን እንስማማለን።

ከአክብሮት ጋር

የዓመት ቲኬት ባለቤቶችንና የደጋፊ ማህበር አባላትን ወክዬ
የደጋፊ ማህበር ጸሐፊ